አምስት ዓመት ፕሮቤሽን፣ ዕድሜ ልክ ሥራ ማጣት

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 30 ቀን 2014 አንዲት ሴት ብሩክሊን ለሚገኘው የኒውዮርክ ምሥራቃዊ ወረዳ ፌዴራል ፍርድ ቤት ማመልከቻ አስገባች። ጠበቃ አልነበራትም፤ ራሷ ናት ያቀረበችው። ልመናዋ አንድ ነው፦ ከ13 ዓመት በፊት የተፈረደብኝ መዝገብ ይሰረዝልኝ። ፕሮቤሽኗን፣ ማለትም ሰው ሳይታሰር በፍርድ ቤት ኦፊሰር ክትትል ሥር የሚጨርሰውን ቅጣት፣ ከጨረሰች ዓመታት አልፈዋል። ያላለቀው ሥራ ፍለጋው ነው። ቤት ለቤት እየሄዱ አረጋውያንንና ሕሙማንን የመንከባከብ ሥራ፣ እኛ ሆም ኸልዝ ኤይድ የምንለውን፣ ታገኛለች፤ ትንሽ ትሠራለች፤ የባክግራውንድ ቼኩ፣ ቀጣሪ የሚያስደርገው የወንጀል መዝገብ ምርመራ፣ ውጤት ሲመጣ ትሰናበታለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት የሚሆኑ ሥራዎች ከእጇ ወጥተዋል።

ስሟ አይታወቅም። መዝገቡ የሚጠራት «ጄን ዶ» እያለ ነው፤ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የባለጉዳይን ማንነት መሸፈን ሲፈልጉ ለሴት የሚሰጡት ስም ነው። እኔም በዚሁ እጠራታለሁ።

ይህን ጉዳይ ደጋግሜ ያነበብኩት ሥራዬ አስገድዶኝ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት እሠራለሁ። አስተርጓሚ ምክር አይሰጥም፤ የተባለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያስተላልፋል። ጠበቃው «እስር የለውም፣ ፕሮቤሽን ብቻ ነው» ሲል እኔም «እስር የለውም፣ ፕሮቤሽን ብቻ ነው» እላለሁ። የወገኔ ፊት ሲፈካ፣ ትከሻው ሲወርድ አያለሁ። ያን ጊዜ አፌ ላይ የሚመጣውን ነገር መናገር ስለማልችል እዚህ እጽፈዋለሁ፦ ጥፋተኛ ነኝ ከማለትህ በፊት ሥራህ ምን እንደሚሆን ጠይቅ።

ያደረገችው ነገር

ጄን ዶ ያጠፋችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ባሏ አጠገቧ የለም፣ አራት ልጆች ታሳድጋለች፣ የምትኖረው በሆም ኸልዝ ኤይድ ደመወዝ ነው። ሆን ተብሎ በተቀነባበረ የመኪና ግጭት ውስጥ ተሳፋሪ ሆና ገባች፤ ሳትጎዳ ተጎዳሁ አለች፤ የኢንሹራንስ ጥያቄ ቀረበላት። በመጨረሻ እጇ የገባው 2,500 ዶላር ነው። ጥፋት መሆኑን የሚክድ የለም፣ እሷም በኋላ አልካደችም። ሰው ሲቸግረው የማያደርገው የለም ብዬ ላልፈው አልፈልግም፤ የኢንሹራንስ ማጭበርበር ወጪው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እንደ እሷው ባለ ደሃ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 በጁሪ ፊት ተሟግታ ተረታች። በማርች 2002 ዳኛ ጆን ግሊሰን ቅጣቱን ወሰኑ፦ 5 ዓመት ፕሮቤሽን፣ 10 ወር የቁም እስር፣ 46,701 ዶላር ካሣ። የእስር ቤት ቅጣት አልተጣለባትም። ዳኛው አራቱን ልጆች አስበዋል። ያን ዕለት ከችሎት ስትወጣ ዘመድ አዝማድ «እግዜር ይመስገን» ሳይላት አይቀርም፤ እኛም እንል ነበር።

አሁን የወንጀሉን ስም ልብ ይበሉ። የተፈረደባት «የጤና አገልግሎት ማጭበርበር» በሚል ነው። ለምን ቢሉ፣ በሐሰተኛው ግጭት ስም ሕክምና ተደርጎ ሒሳቡ ወደ ኢንሹራንስ ስለሚሄድ ነው። ከአንድም በሽተኛ አልሰረቀችም፣ የምትንከባከባቸው ሽማግሌዎች ቤት አንዲት ማንኪያ አላጎደለችም። ነገር ግን ቀጣሪው ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ሪፖርት ታሪክ አይተርክም። አንድ መስመር ነው፤ የወንጀሉ ስም፣ ፍርድ ቤቱ፣ ዓመቱ። የጤና ድርጅት ኃላፊ ሆነው ያን መስመር ቢያነቡ ምን ያደርጋሉ? ዳኛ ግሊሰን ራሳቸው ቀጣሪዎቹን መውቀስ እንደሚያስቸግር ጽፈዋል።

እኔ ከዚህ ጉዳይ ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ይመስለኛል። ሰው ከዐቃቤ ሕግ ጋር ሲደራደር ዓይኑን የሚተክለው ቁጥሩ ላይ ነው፤ ስንት ወር፣ ስንት ዶላር። ከዓመታት በኋላ እንጀራውን የሚወስነው ግን የወንጀሉ ስም ነው። ቅጣቱ እኩል ሆኖ ስሙ የተለያየ ሁለት ክስ ሊኖር ይችላል፤ አንዱ ላይ ጥፋተኛ ነኝ ያለ ሥራው ላይ ይቆያል፣ ሌላው ላይ ያለ ይባረራል። ያን ልዩነት ለማስተካከል ጊዜው ከመፈረም በፊት ያለው ነው።

ጥፋተኛ ነኝ ላለው ምን አገባው?

አንባቢ እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ ጄን ዶ የተከራከረች ሴት ናት፣ «ጥፋተኛ ነኝ» አላለችም፤ ታዲያ ጉዳይዋ የእምነት ቃል ሰጥቶ ለሚጸጸት ሰው ምን ያስተምረዋል? መልሱ፣ መዝገቡ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ተሟግቶ የተረታም፣ በራሱ አፍ ያመነም ባክግራውንድ ቼኩ ላይ እኩል ይወጣል። ደግሞም ተሟግቶ የሚረታ ጥቂት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ሚዙሪ ከፍራይ በሚባለው ጉዳይ ላይ እንደገለጸው በፌዴራል 97 ከመቶ፣ በግዛቶች 94 ከመቶ የሚሆነው የጥፋተኝነት ውሳኔ የሚመጣው በእምነት ቃል ነው።

የእኛ ሰው ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይደረብበታል። አገር ቤት ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይገባል። አጥፊው «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» ይላል፤ በአንዳንድ አካባቢ ድንጋይ ተሸክሞ ይወድቃል። ሽማግሌው «ተነሣ» ይለዋል፣ ይመረቃል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ማመን መዝጊያ ነው። ፌርፋክስ ወይም አሌክሳንድሪያ ችሎት ፊት የቆመ የአምሳ ዓመት ሰው «ጥፋተኛ ነኝ» ሲል በልቡ ያለው ይኸው ሽምግልና ነው። እዚህ ግን ያቺ ቃል መክፈቻ ናት። በእሷ ላይ ነው መዝገቡ የሚቆመው፣ ፕሮቤሽኑ የሚጀምረው፣ የፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚላከው።

ቃላችንም ያሳስተናል። ፕሮቤሽን ሲባል ብዙ ሰው የሚሰማው «ገደብ» ነው። «በገደብ ተለቀቀ» ደግሞ በኛ ጆሮ ቤቱ ገባ፣ አለቀ ማለት ነው። ግሪን ካርድ ላለው ሰው ግን በገደብ የተባለ የ12 ወር እስራት በኢሚግሬሽን ሕግ ዓይን 12 ወር ሙሉ ሆኖ ይቆጠራል፤ አንድ ቀን ባይታሰርም። ስርቆትን በመሰለ ክስ ላይ ይህ ከአገር ሊያስወጣ ይችላል።

ፕሮቤሽኑ ራሱ ሥራ ላይ ምን ያደርጋል

የፌዴራል ፕሮቤሽን ላይ ያለ ሰው ሥራ እንዲሠራ ይታዘዛል። ሥራ ሲቀይር ለፕሮቤሽን ኦፊሰሩ ማሳወቅ አለበት። ኦፊሰሩ ቤትም ሆነ ሌላ ቦታ መጥቶ ሊያየው ይችላል፤ አስጊ ነው ብሎ ካሰበ ለሌላ ሰው፣ ቀጣሪንም ጨምሮ፣ ስለ ጥፋቱ እንዲነገር ሊያደርግ ይችላል። ከፍርድ ቤቱ ወረዳ ያለ ፈቃድ መውጣት የለም። ይህ የመጨረሻው ነገር ሰፊ ግዛት ውስጥ ለሚኖር ቀላል ይመስላል። ቨርጂኒያ አድሮ ዲሲ ሠርቶ ሜሪላንድ ዘመድ ለሚጠይቅ የኛ ሰው ግን በአንድ ቀን ሦስት የፌዴራል ወረዳ መርገጥ ማለት ነው። ትራክ የሚነዳማ ምን ይበል?

ጄን ዶ የገባችበት ማጥ እንግዲህ ይሄ ነው። ፍርድ ቤቱ ሥሪ ይላታል፤ ከሠራሽው 46,701 ዶላር ክፈዪ ይላታል፤ የምታውቀው ሙያ ደግሞ አንድ ነው፣ እሱንም ያው ፍርድ ቤት የሰጣት መዝገብ ይዘጋባታል።

በጤና ሙያ ላይ ቀጣሪው ቢፈልግም እንኳ የሚዘጋ ሌላ በርም አለ። የፌዴራል ሕግ በጤና አገልግሎት ማጭበርበር ከባድ ወንጀል ጥፋተኛ የተባለን ሰው ቢያንስ ለ5 ዓመት ከሜዲኬርና ከሜዲኬይድ፣ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያንና ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች ሕክምና ከሚከፍልባቸው ፕሮግራሞች፣ ያግዳል። እነዚህ ሁለቱ የሚከፍሉት ድርጅት፣ ማለትም አብዛኛው የሆም ኬር ኤጀንሲና ነርሲንግ ሆም፣ ይህን ሰው በእነሱ ገንዘብ ሊያሠራው አይችልም። ደግሞ ልብ በሉ፣ በዚህ ሕግ ላይ «ጥፋተኛ ተባለ» የሚለው ቃል ሰፊ ነው። የእምነት ቃሉ ተቀባይነት ካገኘ በቂ ነው። «አልከራከርም» ብሎ ማለፍም ይቆጠራል። ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን አቆይቶ «ጠባይህን ካሳመርክ ይዘጋልሃል» ቢለውም ይቆጠራል። ጠበቃው «መዝገብህ ንጹሕ ይሆናል» ያለው ሰው በግዛቱ ሕግ እውነት ሆኖለት በዚህኛው ሊታገድ ይችላል። ቨርጂኒያ ደግሞ በሆም ኬር ድርጅት ከመቀጠር የሚከለክሉ ወንጀሎችን በሕግ ዘርዝራ አስቀምጣለች። ኅብረተሰባችን ውስጥ ስንት እናት፣ ስንት እህት በዚህ ሙያ እንደምትኖር የሚያውቅ ለምን እንደዚህ እንደምጨነቅ ይገባዋል።

የዳኛው ውሳኔ

ማመልከቻው የደረሰው ቅጣቱን ለወሰኑት ለዚያው ዳኛ ነው። ግሊሰን አልፈው አልጣሉትም። የፕሮቤሽን መዝገቧን አስመጡ፣ ችሎት አደረጉ፣ እሷን ሰሙ። ወንጀሉ ከተፈጸመ 17 ዓመት አልፏል፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ ዳግም አልተያዘችም።

በሜይ 21 ቀን 2015 በሰጡት ውሳኔ ቀጣሪዎች በጥቅሉ የሰውን የወንጀል መዝገብ የማወቅ መብት እንዳላቸው ተቀበሉ። ይሁን እንጂ ጊዜና አቅም ኖሮት ነገሩን ከሥሩ የመረመረ ማንኛውም ሚዛናዊ ቀጣሪ ይህ መዝገብ ዛሬ ትርጉም የለውም ብሎ የሚደመድምበት ጉዳይ አለ፤ እኔ መርምሬያለሁ፣ ይህ ከእነዚያ አንዱ ነው አሉ። ከዚያ ስለ ራሳቸው ፍርድ የጻፏት ዓረፍተ ነገር አለች፦ የፈረድኩባት የ5 ዓመት የፕሮቤሽን ክትትል ነው፣ ዕድሜ ልክ ሥራ አጥነት አይደለም። መዝገቡ እንዲሰረዝ አዘዙ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ያነበብኩ ቀን ረጅም ሰዓት ቁጭ ብዬ ነበር። ፍርድ የሰጠ ሰው ከ13 ዓመት በኋላ የፍርዱን ጥላ ተከትሎ ሄዶ፣ እኔ ይህን አላሰብኩም ሲል መስማት የተለመደ አይደለም።

መንግሥት ይግባኝ አለ። በኦገስት 2016 የሁለተኛው ሰርኪዩት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። የተሻረው ሴትዮዋ አይገባትም ተብሎ አይደለም። ፌዴራል ዳኛ በትክክል የተሰጠን የጥፋተኝነት ውሳኔ ለርኅራኄ ሲል የመሰረዝ ሥልጣን የለውም፤ ጉዳዩ ከተዘጋ ዓመታት በኋላ ተመልሶ የሚገባበት በር ሕጉ አልሰጠውም በማለት ነው። ይግባኝ ሰሚዎቹም መዝገቡ ያመጣባትን መከራ አውቀው ጽፈዋል፤ ይህን ሥልጣን መስጠት የሚችለው ግን ኮንግረስ ብቻ ነው አሉ። መዝገቡ ወደነበረበት ተመለሰ። ግሊሰን በዚያ ጊዜ ችሎት ላይ አልነበሩም፤ በዚያው ዓመት በማርች ወር ዳኝነቱን ትተዋል። ሊለቁ ሲሉም ለሌላ፣ ነርስ ለሆነች «ጄን ዶ» መዝገቡን ሳይሰርዙ ታርማለች የሚል የምስክር ወረቀት ሰጥተዋል። ወረቀቱ ቀጣሪን ያግባባ እንደሆነ እንጂ አያስገድድም።

እኔ በሕጉ በኩል ይግባኝ ሰሚዎቹ ትክክል ናቸው ባይ ነኝ። ዳኛ ሁሉ በልቡ ደግነት መዝገብ ቢሰርዝ ደግነቱ ለሚያውቀው ብቻ ይሆናል። ግን ትክክል መሆናቸው የሴትዮዋን ጠዋት አይለውጠውም፤ ኤጀንሲው ጋ ሄዳ ዩኒፎርሟን መመለሱ አይቀርላትም።

የሰጡትን ቃል ማንሳት ይቻላል ወይ?

ይቻላል፤ ግን በሩ በየቀኑ ይጠባል። በፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛው የእምነት ቃሉን ገና ካልተቀበለው ያለ ምንም ምክንያት ማንሳት ይቻላል። ከተቀበለው በኋላ፣ ቅጣት ከመወሰኑ በፊት፣ አሳማኝና ተገቢ ምክንያት ማሳየት ያስፈልጋል። ቅጣት ከተወሰነ ወዲያ ግን የሚቀረው ይግባኝ ወይም ጠበቃዬ በድሎኛል የሚል ዓይነት ከባድ አቤቱታ ነው።

«ሥራዬን እንደማጣ አላወቅሁም» የሚለው ምክንያት ብቻውን በአብዛኛው ፍርድ ቤት አያስኬድም። ፍርድ ቤቶች ሥራ ማጣትን የቅጣቱ አካል አድርገው አያዩትም፤ ከቅጣቱ ጎን የሚመጣ ጣጣ ነው ይላሉ፤ ጠበቃም ዳኛም ያን የማስጠንቀቅ ግዴታ የለባቸውም ይላሉ። ትልቁ ልዩ ሁኔታ ከአገር መባረር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፓዲላን ጉዳይ ወሰነ። ፓዲላ ሆንዱራስ ተወልዶ ከ40 ዓመት በላይ በሕጋዊ ነዋሪነት የኖረ፣ በቬትናም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ጦር ያገለገለ የትራክ ሹፌር ነበር፤ ማሪዋና ጭኖ ተይዞ፣ ጠበቃው «ብዙ ዓመት ስለኖርክ አያሳስብህ» ብሎት ጥፋተኛ ነኝ አለ። ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ደንበኛው ከአገር ሊባረር እንደሚችል የማስጠንቀቅ ግዴታ አለበት አለ። ለሥራ ግን እንዲህ ያለ ፍርድ የለም።

ሌላም እንቅፋት አለ፣ በየሳምንቱ የማየው። ዳኛው የእምነት ቃሉን ከመቀበሉ በፊት ጥያቄ ይጠይቃል። ማንም አስገድዶሃል? ማንም ቃል ገብቶልሃል? በጠበቃህ ሥራ ረክተሃል? የጠየቅሁህ ሁሉ ገብቶሃል? እኔ እተረጉማለሁ፤ ሰውየው እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ትንሽ ደፍቶ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚመልስ ሰው «አዎ፣ አዎ፣ አዎ፣ አዎ» ይላል። ግማሹ ለአክብሮት የተባለ «አዎ» ነው። መዝገብ ላይ ሲሰፍር ግን አክብሮት አይጻፍም፤ ከሦስት ወር በኋላ «አልገባኝም ነበር» ሲል ዐቃቤ ሕጉ የሚያነበው ያንኑ «አዎ» ነው። ሥራህ ምን ይሆናል የሚል ጥያቄ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ያልገባው ሰው «አልገባኝም» ቢል፣ ከጠበቃዬ ጋር ልነጋገር ቢል፣ ዳኛ አይቆጣም፤ ችሎቱ ይቆያል። እኔ ይህን ሲጠይቅ ያየሁት ሰው ጥቂት ነው፣ የተቆጣ ዳኛ ግን አላየሁም።

ጠበቃው የወንጀል ሕግ ያውቅ ይሆናል፤ የነርሶች ቦርድን ወይም የሆም ኬርን ሕግ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ሥራን ለይቶ መንገር የባለጉዳዩ ድርሻ ነው፦ ፈቃዴ ይሄ ነው፣ የምሠራው ሜዲኬይድ በሚከፍለው ድርጅት ነው፣ የንግድ መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ ኤርፖርት የደኅንነት ባጅ አለኝ። በዚህ ስም ጥፋተኛ ብባል እነዚህ ምን ይሆናሉ? ሌላ ስም ያለው ክስ መጠየቅ ይቻላል? ጠበቃው ካላወቀ የሙያ ፈቃድ ጠበቃ ጠይቆ ለመመለስ ቀጠሮ ማስለወጥ ይችላል።

ቨርጂኒያ ላለ አንባቢ አንድ ነገር ላክል፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። በጄኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት በቀላል ወንጀል ጥፋተኛ የተባለ ሰው፣ ራሱ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ እንኳ ቢሆን፣ በ10 ቀን ውስጥ ከሱ በላይ ወዳለው የግዛቱ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት መብቱ ነው። ምክንያት አይጠየቅም፤ ጉዳዩ እንደ አዲስ ይታያል። የበፊቱ ስምምነት ግን አብሮ ይፈርሳል፣ ቅጣቱም ከበፊቱ ሊከብድ ይችላል፤ ስለዚህ ጠበቃ ሳያማክሩ የሚዘለል አይደለም። ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ላይ ለተሰጠ የእምነት ቃል ደግሞ የመጨረሻው ትእዛዝ ከተጻፈ 21 ቀን ድረስ፣ ግልጽ ኢፍትሐዊነት መኖሩን ማሳየት ከተቻለ፣ ውሳኔው ሊነሣ ይችላል። አሥሩ ቀን የሚቆጠረው ከጥፋተኝነት ውሳኔው ዕለት ነው፤ ኤጀንሲው የስንብት ደብዳቤ ከላከበት ቀን አይደለም። ደብዳቤው ደግሞ አሥሩ ቀን ካለፈ በኋላ ሊደርስ ይችላል።